ከመካ እስከ ኦጋዴን፦ የአንድ እግረኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ጉዞ ለዛሬው የቀይ ባሕር ቀጠና ምን ይላል?

ጂዳ — ይህች የወደብ ከተማ ባለፉት ዓመታት ተዋጊዎችና የመንግሥታት መሪዎች ተቀምጠው የሚፈራረሙባት ሆናለች። በሴፕቴምበር 16, 2018 የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐብይ አሕመድና የኤርትራ ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ የሰላም ስምምነታቸውን ንጉሥ ሰልማን በተገኙበት በጂዳ ፈርመዋል። በሜይ 11, 2023 ደግሞ የሱዳን ጦር ኃይሎችና የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ተወካዮች ሰላማዊ ሰዎችን ለመጠበቅ በዚሁ ከተማ ቃል ገብተው ፊርማቸውን አኑረዋል።

ከሱዳኑ ፊርማ በኋላ ግን ውጊያው ቀጠለ። በኦክቶበር 26, 2023 በኒያላ የ16ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር መምሪያ ወደቀ። ልክ በሁለት ዓመቱ፣ በኦክቶበር 26, 2025፣ ለረጅም ወራት በከበባ ውስጥ በቆየችው በኤል ፋሸር የ6ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር መምሪያ ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። በሁለቱም ከተሞች የክፍለ ጦሩ መውደቅ የወታደሩ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በኤል ፋሸር ነዋሪው የከብት መኖ እስከ መብላት ደርሶ ነበር።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ክፍለ ጦር በከተማ ውስጥ የሚቆመው በምን ላይ ነው? በመድፉና በምሽጉ፣ ወይስ በዙሪያው ባለው ሕዝብና ሕዝቡን በሚመግበው መንገድ? ለዚህ ጥያቄ ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት በመካና በጂዳ፣ ኋላም በኢትዮጵያ ኦጋዴን የተፈተነ አንድ የጦር ሰው ታሪክ መልስ አለው። ሰውየው የዑስማኒያው ጄኔራል መሕመድ ወሂብ ፓሻ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ሹመት በአንድ እጅ

ወሂብ ፓሻ በ1877 ዛሬ በግሪክ ግዛት ውስጥ በምትገኘው በያንያ ተወለዱ። ታላቅ ወንድማቸው ኤሳድ ፓሻም የጦር መኮንን ነበሩ። በባልካን ጦርነት ሁለቱ ወንድማማቾች የትውልድ ከተማቸውን ምሽግ አብረው ተከላክለው በማርች 6, 1913 ምሽጉ ለግሪክ ሠራዊት እጅ ሲሰጥ ተማረኩ። ወሂብ ከምርኮ ሲመለሱ የተሰጣቸው ኃላፊነት በሒጃዝ የሰፈረው የ22ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር አዛዥነት ነበር።

በ1914 መጀመሪያ ሒጃዝ ሲገቡ ግን አዛዥ ብቻ አልነበሩም፤ የግዛቲቱ ዋሊም እርሳቸው ነበሩ። በኢስታንቡል ሥልጣኑን የያዘው የኅብረትና ዕድገት ማኅበር ወታደራዊውንና አስተዳደራዊውን ሹመት በአንድ ሰው እጅ ያኖረው በዓላማ ነው። በ1913 የወጣው የግዛቶች አስተዳደር ሕግ በመካም እንዲሠራና ከ1908 ጀምሮ የመካ አሚር የነበሩት የሸሪፍ ሑሰይን ሥልጣን እንዲገደብ ይፈለግ ነበር። ሦስተኛው ተልእኮ የባቡሩ ጉዳይ ነው። ከደማስቆ ተነሥቶ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጦ በ1908 መዲና የደረሰው የሒጃዝ ባቡር እስከ መካና ጂዳ እንዲቀጥል ታዘዘ።

በወረቀት ላይ ሲታይ ዕቅዱ ለሐጅ ተጓዡ በጎ ነበር። ባቡሩ የብዙ ቀን የግመል ጉዞን ያሳጥራል፤ ተጓዡንም ከዝርፊያ ያድናል። ነገር ግን የመካና የመዲናን መንገድ የያዙት የሐርብ ጎሣዎችና ሌሎችም ኑሯቸው በግመል ኪራይና በመንገድ ጥበቃ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሸሪፉ በበኩላቸው ከብረት ሐዲዱ ጋር የጦር ሻለቃዎች እንደሚመጡ ተረድተው ነበር። የመካ ሕዝብም ከወታደራዊ ግዳጅና ከብዙ ግብር ነጻ የሆነበት የቆየ መብቱ በአዲሱ ሕግ እንዳይነካ ሠጋ።

በመሆኑም ወሂብ ፓሻ ተኩስ ሳይከፈት ከበባ ውስጥ ገቡ። የመካና የጂዳ መንገድ ተቋረጠ፤ በከተማይቱም ሁከት ተነሣ። በዚያው ወቅት፣ በፌብሩዋሪ 1914፣ የሸሪፉ ልጅ ዐብደላህ ካይሮ ላይ ከብሪታኒያው ሎርድ ኪችነር ጋር ተገናኝተው አባታቸው ከኢስታንቡል ጋር ስለ ገቡበት ፍጥጫ አነጋግረዋል። የኢስታንቡል መንግሥት የነገሩን አደገኛነት ሲረዳ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ የአሚሩ መብት እንደቀድሞው እንደሚጠበቅም አስታወቀ። ዐብደላህ በትዝታ መጽሐፋቸው እንደሚተርኩት፣ ሸሪፉ ባቡሩን ቢፈቅዱ ከገቢው ሲሶው እንዲሰጣቸውና አሚርነቱም ለልጆቻቸው እንዲተላለፍ ሐሳብ ቀርቦላቸው ነበር። ሸሪፉ አልተቀበሉትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። የ22ኛው ክፍለ ጦር አዛዥ በመካ ውስጥ የሚወዳደራቸው ወታደራዊ ኃይል አልነበረም። ሆኖም ከከተማው ግድግዳ ውጪ ያለው መንገድ የእርሳቸው አልነበረም፤ መንገዱን የያዙት ሰዎች ደግሞ ከለውጡ የሚያገኙት ጥቅም አልታያቸውም።

ትጥቅ ያለው፣ ስንቅ የሌለው

የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወሂብ ፓሻ ከክፍለ ጦሩ ከፊሉን ይዘው በስዊዝ ቦይ ላይ ለታሰበው ዘመቻ ወደ ሰሜን እንዲጓዙ ታዘዙ። የሸሪፉ ታላቅ ልጅ ዐሊይ እስከ መዲና አብረዋቸው ተጓዙ። በሸሪፉ ቤተሰብ ወገን በሚነገረው ታሪክ መሠረት በዚህ ጉዞ ከዋሊው ጓዝ የወደቀ የሰነድ ሣጥን ተገኝቶ ሸሪፉን ከሥልጣን የማውረድ ዕቅድ ተነበበበት። ሣጥኑ የተገኘበት ሁኔታ የወገኑ ትረካ ቢሆንም፣ በሁለቱ መካከል የነበረው መተማመን መሟጠጡ አያከራክርም።

በወሂብ ቦታ የተተኩት ጋሊብ ፓሻ የወረሱት ይህንን ቁርሾ ነው። በላዩ ላይ ሌላ መከራ ታከለ። ሒጃዝ የሚበላውን እህል በአብዛኛው የሚያገኘው በባሕር ከግብፅና ከሕንድ ነበር፤ የብሪታኒያ መርከቦች ወደቦቹን ሲዘጉ መካና ጂዳ ተራቡ። የሐጁም ገቢ ነጠፈ። አማርኛችን «ስንቅና ትጥቅ» ሲል ስንቅን የሚያስቀድመው በከንቱ አይደለም፤ የሒጃዝ ክፍለ ጦር ትጥቁ በእጁ ሳለ ስንቁ ከእጁ ወጣ፤ የሕዝቡም ስንቅ አብሮ ወጣ።

በጁን 10, 1916 በመካ አመፁ ተጀመረ። በሙቀቱ ምክንያት አብዛኛው ወታደር ከጋሊብ ፓሻ ጋር ጣኢፍ ወጥቶ ስለነበር በመካ የቀረው ኃይል አነስተኛ ነበር። ጂዳ በየብስ በሐርብ ተዋጊዎች፣ በባሕር በብሪታኒያ መርከቦችና የባሕር አውሮፕላኖች ተመትታ በጁን 16 እጅ ሰጠች። ከመስጂደል ሐራም አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ የነበረው የአጅያድ ምሽግ እስከ ጁላይ ድረስ ተቋቋመ፤ ያሸነፉትም ከሱዳን ተጭነው የመጡ የግብፅ መድፈኞች ናቸው። በመጨረሻ በሴፕቴምበር 22, 1916 ጋሊብ ፓሻ ጣኢፍ ላይ እጅ ሰጡ። ወሂብ በሒጃዝ ያዝዙት የነበረው ክፍለ ጦር ታሪክ በዚሁ ተቋጨ።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አልነበረም። ከጣኢፍ መውደቅ በኋላ በአምስተኛው ቀን፣ በሴፕቴምበር 27, 1916 (መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.)፣ ልጅ ኢያሱ አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን እንዲወርዱ ተደረገ። ከቀረቡባቸው ክሶች ዋነኛው ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚል ሲሆን፣ ከዑስማኒያው ቆንስል ከመዝሐር በይ ጋር የነበራቸው ግንኙነትም የብሪታኒያን፣ የፈረንሳይንና የኢጣሊያን መልእክተኞች አስቆጥቶ ነበር። ሁለቱ ክንውኖች አንዱ የሌላው ቀጥተኛ ውጤት ባይሆኑም፣ በቀይ ባሕር በሁለቱም ዳር በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ የፖለቲካ ሚዛን ተሰበረ።

ከገሊቦሊ እስከ ስደት

ወሂብ ፓሻ በዚህ ጊዜ ከሒጃዝ ርቀው ነበር። በጁላይ 1915 በገሊቦሊ ልሳነ ምድር የደቡቡን ግንባር ተረከቡ፤ የሰሜኑን የያዙት ወንድማቸው ኤሳድ ነበሩ። በዚህ ግንባር የተመሰከረላቸው ችሎታ ምሽግን ጠብቆ መያዝ ነው። በ1916 ኤርዙሩም በሩሲያ ከተያዘች በኋላ የሦስተኛው ጦር አዛዥ ሆነው በካውካሰስ በረዶ ውስጥ ብዙ መሬት አጡ፤ በ1918 የሩሲያ ሠራዊት በአብዮቱ ሲበተን ግን ትራብዞንን፣ ኤርዙሩምንና ባቱሚን መልሰው ያዙ።

ከዚህ ዘመን ሥራዎቻቸው አንዱ ልዩ ስፍራ ይገባዋል። በእርሳቸው ዕዝ ሥር ለጉልበት ሥራ ተመድበው በነበሩ አርመናውያን ወታደሮች ላይ ግድያ ሲፈጸም ድርጊቱን አስመርምረው ጥፋተኞችን በጦር ፍርድ ቤት አስቀጥተዋል። በዲሴምበር 1918ም በአርመናውያን ላይ ስለደረሰው ጭፍጨፋ ለመርማሪ ኮሚሽን የጽሑፍ ምስክርነት ሰጥተዋል። በገዛ መንግሥታቸው ሹማምንት ላይ እንዲህ የመሰከሩ የዘመኑ ጄኔራሎች ጥቂት ናቸው።

ከጦርነቱ ማግሥት በሥልጣን አላግባብ መጠቀም ተከስሰው ታሰሩ፤ ከእስር አምልጠው ወደ ኢጣሊያ ተሰደዱ። አዲሲቱ ቱርክ ዜግነታቸውን ነጠቀች። ወሂብ ፓሻም ጦርም አገርም የሌላቸው ጄኔራል ሆነው ከአገር አገር ሲዘዋወሩ ዓመታት አለፉ።

የኦጋዴን ምሽግ

በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ስትዘምት ወሂብ ፓሻ አዲስ አበባ ገቡ። ወደ ደቡብ ምሥራቁ ግንባርም ተልከው የሐረርጌው ገዥ የደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ወታደራዊ አማካሪ ሆኑ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ተጠግቶ ነበር። በትእዛዛቸው ሥር ያለ ክፍለ ጦር አልነበረም፤ የነበራቸው ያንያና ገሊቦሊ ያስተማሯቸው የምሽግ ሥራ ዕውቀት ነው።

ግንባሩ ቀድሞም ደም ፈሶበታል። በኖቬምበር 1935 ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ቆራሄን ሲከላከሉ በአየር ድብደባ ቆስለው ሕይወታቸው አለፈ። ወሂብ ፓሻ ከዚያ በስተሰሜን፣ በሳሳበኔ፣ በደገሃቡርና በቡላሌ አካባቢ የመከላከያ መስመር ነደፉ። ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ዋሻዎች የመትረየስ ቦታ ሆኑ፤ የውሃ ጉድጓዶች በመስመሩ ውስጥ እንዲጠቃለሉ ተደረገ። የውጭ ጋዜጠኞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት በነበረው የጀርመን መስመር አምሳያ «የሂንደንበርግ ግንብ» ብለው ሰየሙት።

ከወዲያ በኩል የተሰለፈው ጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። ይህ ሰው ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። በሴፕቴምበር 16, 1931 ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታር በስቅላት ሲገደሉ በሊቢያ ምሥራቅ የኢጣሊያ ምክትል ገዥነቱን ይዞ የነበረው እርሱ ነው። በኤፕሪል 14, 1936 በኦጋዴን ማጥቃቱን ሲከፍት ወደ 38,000 የሚገመት ሠራዊት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎችና አውሮፕላኖች ነበሩት። ከዚያ ቀደም ብሎ አውሮፕላኖቹ ጅግጅጋን ደብድበው፣ በማርች 29 ሐረርን አቃጥለዋል። በደቡቡ ግንባር የመርዝ ጋዝ ቦምብም ተጥሏል።

የወሂብ መስመር ያለ ውጊያ አልተሰበረም። በጃናጎቦ የጄኔራል ናሲ የሊቢያ ክፍለ ጦር ብርቱ መከላከል ገጥሞት ብዙ ሰው አጣ። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያውያኑ ከሰማይ የሚመጣውን የሚያስቆም መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ከውጭ እንዳይገዙም የጦር መሣሪያ ማዕቀብ አስሮ ይዟቸው ነበር። በኤፕሪል መጨረሻ ደገሃቡር ተያዘች፤ በሜይ 5 አዲስ አበባ፣ በሜይ 8 ሐረር ወደቁ። ደጃዝማች ነሲቡ በስደት ሳሉ በኦክቶበር 1936 በስዊዘርላንድ ዳቮስ አረፉ። ወሂብ ፓሻም ከኢትዮጵያ ወጡ፤ በ1940 በኢስታንቡል ሞተው በቀራጃ አሕመድ መቃብር ተቀበሩ።

በሁለቱም ሰልፍ ሙስሊም ነበር

ፋሺስት ኢጣሊያ ይህንን ጦርነት ለሙስሊሞች እንደመጣ ነጻነት አድርጋ ለማሳየት ብዙ ገንዘብ አፍስሳለች። ከወረራው በኋላ መስጊዶች አሠራች፤ ዐረብኛ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ አደረገች፤ ለተመረጡ ሰዎች የሐጅ ወጪ ሸፈነች። ሙሶሊኒ በማርች 1937 ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ሰይፍ ተቀበለ። በነባሩ ሥርዓት እምነታቸው ዝቅ ተደርጎ የታየባቸው ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ጥቂት አልነበሩም፤ ስለዚህም ስብከቱን የሰማ ጆሮ መኖሩ አያስደንቅም። በደሉ እውነት ነበር፤ አዳኝ ነኝ ባዩ ግን ያው የዑመር አል-ሙኽታር ገዳይ ነው።

የኦጋዴን ግንባር ስብከቱን በተግባር ይቃረናል። በግራዚያኒ ሰልፍ የሊቢያ ሙስሊሞች ተሰልፈዋል። በኢትዮጵያ ሰልፍ ደግሞ ከ1925 ጀምሮ ኢጣሊያን ሲወጋ የኖረው ሶማሊያዊው ዑመር ሰመተር ከአፈወርቅ ጎን በቆራሄ ተዋግቷል። የግብፅ ቀይ ጨረቃ የሕክምና ቡድን በሐረርና በጅግጅጋ አካባቢ ቁስለኛ ያክም ነበር። ምሽጉን የነደፉት ወሂብ ፓሻ ከሃያ ዓመታት በፊት የመካ ዋሊ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የበላይ አለቃቸው ነሲቡ ክርስቲያን ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ያንን ጦርነት «ሙስሊሙ ከጠላት ወገን ነበር» ወይም «ጦርነቱ የክርስቲያኑ ብቻ ነበር» ብሎ የሚተርክ ሁሉ፣ የሚያስተጋባው የፋሺስቱን የፕሮፓጋንዳ ቢሮ ነው። ይህ ትረካ በማኅበራዊ መገናኛዎች በየጊዜው ስለሚቀሰቀስ ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ለዛሬው ድርድር

የወሂብ ፓሻ ሁለት ሽንፈቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። በኦጋዴን ምሽጉ በትክክል ተሠርቶ፣ ተከላካዩም ቆርጦ ሳለ፣ የአየር ኃይልና የዓለም ዝምታ አሸነፉት። በመካ ግን መሣሪያ ያነሰው ክፍለ ጦር አልነበረም። የዕቅዱ ባለቤቶች የመንገዱን ባለቤቶች ሳያማክሩ፣ የሕዝቡን ጉርስ ሳያስቡ ተነሡ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደተባለው፣ አጥሩን ከመነቅነቃቸው በፊት ባለቤቱን ንቀውት ነበር። የመጀመሪያው ሽንፈት ከአዛዥ አቅም በላይ ነበር፤ ሁለተኛውን ግን ፖለቲካ ሊያስቀረው ይችል ነበር።

የባቡሩ ዕጣ ለዚህ ምስክር ነው። በ1914 በሻለቃዎች ኃይል የታሰበው መስመር በፍጹም መካ አልደረሰም። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በ1924 መካ ከገቡ በኋላ መጀመሪያ የተሠራው የመንገዱ ጸጥታ ነው፤ የጎሣዎቹ ኑሮም ቀስ በቀስ ከግመል ኪራይ ተላቀቀ። በሴፕቴምበር 2018 የተመረቀው የሐረመይን ፈጣን ባቡር ዛሬ መካን፣ ጂዳንና መዲናን በ450 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያገናኛል። ተጓዡም ከጂዳ መካ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። የአጅያድ ምሽግ በ2002 ፈርሶ በስፍራው የሐጅና የዑምራ እንግዶች የሚያርፉባቸው ሕንጻዎች ቆመዋል። ባቡሩን የጠበቀው መቶ ዓመት ምሕንድስና የጎደለበት ዘመን አልነበረም፤ የጎደለው በመንገዱ የሚኖሩ ሰዎች እንጀራና ስምምነት ነበር።

ከዚህ አንጻር የጂዳው የሱዳን ሰነድ የያዘው ዋና ቁም ነገር ስለ ጦር አሰላለፍ ከሚነገረው ይልቅ ስለ እህል፣ ስለ መድኃኒትና ስለ መተላለፊያ መንገድ የተነገረው ነው። አደራዳሪዎች ብዙ ጊዜ ይህንን ክፍል ለተኩስ አቁሙ እንደ መግቢያ ይቆጥሩታል፤ ተዋጊዎቹም ለመፈረም ይቀላቸዋል፤ ለመፈጸም ግን የሚያስገድዳቸው የለም። የሒጃዝ ተሞክሮ የሚያሳየው ግን ስንቁ የተዘጋበት ከተማ የትኛውንም ክፍለ ጦር ለረጅም ጊዜ እንደማይሸከም ነው። ከበባ በሚጠብቀው ሠራዊትና በሕዝቡ መካከል ያለውን መተማመን አስቀድሞ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የመምሪያው መውደቅ የጊዜ ጉዳይ ይሆናል፤ በመውደቁ ቀንም ዋናውን ዋጋ የሚከፍለው መውጫ ያጣው ነዋሪ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው የድርድር ዙር በየትም ከተማ ይካሄድ፣ መመዘን ያለበት በስንት ጄኔራል ፊርማ ሳይሆን ስንት መንገድ ለእህል ጭነት እንደተከፈተና የተከፈተው መንገድ ስንት ወር ሳይዘጋ እንደቆየ ነው።